በፋቂው ጣራ ሥር

በፋሲካ ማግስት በሐዋሳ መንደሮች መካከል ያለፈ ሰው በየአጥሩ ጥግ የተጣለ ሌጦ ያያል። በእንቁጣጣሽና በአረፋም እንዲሁ ነው። ድሮ በጉ ተገፎ ሳያልቅ «ቆዳ ያለው!» የሚል ድምፅ ከመንገድ ይሰማ ነበር። የሌጦው ገንዘብ በብዙ ቤት የእመቤቲቱ ወይም የልጆቹ ድርሻ ስለነበር ደብተር ይገዛበት፣ ቡና ይጨመርበት ነበር። አሁን ገዢው የሚሰጠው ዋጋ ከምንም አይቆጠርም፤ አንዳንዱን በዓል ጭራሽ ብቅም አይል። ምክንያቱ ብዙ ነው። ፋብሪካዎቹ ለኬሚካል መግዣ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ያጥራቸዋል። ሰው ሠራሽ ጫማና ቦርሳ ገበያውን ሞልቶታል። እከክ የሚባለው፣ ከጥገኛ ተባይ የሚመጣው በሽታ የበጉንና የፍየሉን ቆዳ ገና በሕይወት ሳለ ያቆስለዋል፤ ከዚያ የተረፈውን ደግሞ የቸኮለ ቢላዋ ይበሳዋል።

የሚጣለው ግን ተራ ነገር አይደለም። የደጋው በጋችን እንደ ፈረንጅ በግ ሱፍ ሳይሆን ጠጉር ስለሚያበቅል ቆዳው ስስ ሆኖ ሳለ ጠንካራ ነው፤ የዓለም ጓንት ሠሪዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሹት ኖረዋል። ከወሎዋ ባቲ ስሙን ያገኘው የፍየል ሌጦም በውጭ ነጋዴዎች ዘንድ በዚያው ስም ይታወቃል። እኔ ታዲያ በትርፍ ጊዜ የቆዳ ሥራ ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ዘመን የለም ባይ ነኝ። ገበያ አንድን ነገር በዋጋው ብቻ እንድናየው ያስለምደናል። ዋጋው ሲቀር ነገሩ ራሱ ይታያል። ሌጦውን ወደ ብርሃን አቅርቦ ለተመለከተ እሾህ የጫረው መስመር፣ መዥገር የነከሰችው ነጥብ፣ ከብትም ከሆነ ባለቤቱ በጋለ ብረት የተኮሰው ምልክትና ቀንበር የላገው ትከሻ ሁሉም እዚያው አሉ። ፋብሪካው እነዚህን ሁሉ ጉድለት ብሎ ደረጃ ይቀንስባቸዋል። ለራሱ ደስታ የሚሠራ ሰው ግን ያንን ጠባሳ ሆን ብሎ በቦርሳው ፊት ለፊት ሊያውለው ይችላል፤ ማንም የሚቆጣው የለም።

ይሁንና ደስታን ብቻ ይዤ ወደዚህ ሥራ መግባት አልቻልኩም። በዚህ አገር ቆዳ መፋቅ ለብዙ ሰዎች ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ፍርድ ነበር። በሲዳማ ሸክላ የሚሠሩት ሀዲቾ፣ ቆዳ የሚፍቁት አዋቾ፣ ብረት የሚቀጠቅጡት ቱንቲቾ ተብለው ተለይተዋል፤ ሌላው ወገን ከእነርሱ ጋር አይጋባም ነበር። በጋሞ ደጋላ የሚባሉት ፋቂዎች ዕጣም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። በሰሜኑ ደግሞ «ፋቂ» ማለት የሰው አንገት የሚያስደፋ ስድብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ንጉሠ ነገሥት አዋጅ ማስነገር ያስፈለገው ስድብ የቱን ያህል ሥር እንደሰደደ መገመት አያዳግትም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ መሬት ተነፍገው የኖሩ ባለሙያዎች እንደ ማንኛውም ገበሬ ማሳ እንዲያገኙ በር ከፈተ። ሕጉ እንዲህ ተለውጧል። ጋብቻ ሲታሰብ ግን ዛሬም «ዘሩ ከየት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ጥያቄው ማንን ለመለየት እንደሚቀርብም ጠያቂውና ተጠያቂው ያውቁታል።

በዚህ ንቀት ውስጥ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። የፍየል ሌጦ ወጥሮ የሚፍቅ ደብተራ ተንቆ አያውቅም። ከዐድዋ ብዙም በማይርቀው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች ከ1,300 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ የተጻፉትም በብራና ላይ ነው። በአገራችን ብራናውን ብዙ ጊዜ የሚያዘጋጀው ጸሐፊው ራሱ ነው። ሌጦውን ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ግራና ቀኝ ይወጥረዋል፣ ሥጋውንና ጠጉሩን ይፍቃል፣ እንደተወጠረ ያደርቀዋል። መጽሐፉን በቆዳ የሚደጉሰው፣ ማኅደሩን የሚሰፋውም እንዲሁ የተከበረ ሰው ነው። እንግዲህ የእጁ እንቅስቃሴ አንድ ነው፤ ሽታው አንድ ነው፤ ከሌጦው የሚወርደው እድፍ አንድ ነው። የሚለየው ሌጦው የሚሄድበት ቦታ ነው። መጽሐፍ የሚሆነውን የፋቀ ይመሰገናል፤ ሰው የሚተኛበትን ጀንዴ፣ እናት ልጇን የምታዝልበትን አንቀልባ፣ ገበሬ እህሉን የሚጭንበትን ስልቻ የፋቀ ይገለላል። ፋቂ የተናቀው ሥራው ስለሚሸትና ስለሚያቆሽሽ ነው የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ይወድቃል። ንቀቱ መጀመሪያ ነበር፤ ሽታው በኋላ የተፈለገለት ሰበብ ነው።

ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው ስምዖን በሚባል ቁርበት ፋቂ ቤት እንደሆነ የሐዋርያት ሥራ ይናገራል። ቤቱ በባሕር አጠገብ ነበር። ርኩስና ንጹሕ ተብሎ የተከፈለውን ዓለም ያናወጠውን ራእይ ያየው በዚያው ሰገነት ላይ ነው። ራእዩን የማያውቅ የሐዋሳ ክርስቲያን ጥቂት ነው፤ ስለ ቤቱ ባለቤት ሙያ ግን ብዙም ሲወራ አልሰማሁም። በአይሁድ ሕግ የሞተ እንስሳ የሚነካ ሰው የሚረክስ ስለሆነ ፋቂ በከተማው ዘንድ የሚሸሽ ሰው ነበር። ጴጥሮስ ግን ራእዩ ሳይመጣለት በፊት እዚያ ገብቷል። በልቷል፣ አድሯል፣ የሌጦው ሽታ ወደ ሰገነቱ እየወጣ ጸልዮአል። እኔ ይህን የማነበው እንዲህ ነው፦ እግሩ ከአሳቡ ቀድሞ የተከለከለውን ደፍ ተሻግሮ ነበር፤ ራእዩ የመጣው እግሩ የደረሰበትን ቦታ ለልቡ ሊነግረው ነው። ስለ ሰው እኩልነት ስንት ንግግር ሰምተናል። የሰማነውን ያህል አልተለወጥንም። ምናልባት መጀመሪያ መግባት፣ መቀመጥ፣ በእጅ መያዝ ያስፈልግ ይሆናል፤ ማወቁ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ይሆናል። የቆዳ ሥራን በትርፍ ጊዜ መማር ከዚህ አንጻር ሳየው ትንሽ ነገር አይመስለኝም።

ሐዋሳ ደግሞ ለዚህ የተመቸች ናት። ከሐይቁ በስተሰሜን ባለው በኮርቤቲ የእሳተ ገሞራ ገንዳ ውስጥ ጫቢ የሚባል ተራራ አለ፤ ከውስጡ ፈስሶ የረጋው ጥቁር ባልጩት እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። በሲዳማ፣ በሀዲያና በጉራጌ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሌጦ የሚፍቁት በእንጨት እጀታ ላይ በተተከለ ባልጩት ነበር። በኮንሶ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ድንጋዩን የሚመርጡት፣ የሚጠርቡት፣ ሲደንዝም የሚያድሱት ራሳቸው ናቸው። ስቲቨን ብራንትና ካትሪን ዊድማን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ ዓ.ም. ወደ ኮንሶ መጥተው ከእነዚህ ሴቶች ዘንድ ተቀምጠዋል፤ ዊድማን በጋሞም ለዓመታት ሠርታለች። የአርኪኦሎጂ ሰዎች ወንድ አዳኝ ጠረበው ብለው ሲገምቱት የኖሩት ዓይነት የድንጋይ መሣሪያ በሴት እጅ ሲጠረብ ታየ። ባለሙያዎቹን ከጥንት የተረፉ ቅሪቶች አድርጎ የሚያይ ሰው ግን ይሳሳታል። እነርሱ የእኛ ዘመን ሰዎች ናቸው፤ ብረት ያውቃሉ። ባልጩትን የመረጡት በደንብ ስለሚፍቅላቸው ነው፤ በመረጡትም ነገር ሊቃውንት ናቸው። ከጎረቤት መንደር ልንማረው የምንችለውን ነገር ለመማር ሰዎች ውቅያኖስ ተሻግረው መምጣታቸው ያስቆጨኛል።

አጀማመሩን ለሚጠይቀኝ የማሳየው መንገድ አንድ ነው፦ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሂዱ። ሐዋሳ ውስጥ በመናኸሪያውም በገበያውም ዙሪያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚሠሩ ሞልተዋል። ቆዳውን በተመለከተ፣ የቆዳ ፋብሪካ ያለባት ሞጆ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ለጀማሪ ግን ከጫማና ከቦርሳ ሰፊዎች የሚተርፈው ቁርጥራጭ ይበቃዋል፣ ለወራት ይበቃዋል። መሣሪያውም ጥቂት ነው። አንድ ወስፌ፣ ጫፋቸው የደነዘዘ ሁለት መርፌዎች፣ በሰም የታሸ የናይለን ክር፣ የተሳለ ከተር፣ የብረት ማስመሪያና የሚቆረጥበት ጣውላ። የስፌቱን ርቀት እኩል ለማድረግ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ እስኪገኝ የወጥ ቤት ሹካ በቆዳው ላይ ተጫን ሲደረግ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ለመጀመሪያ ሥራ የመታወቂያና የባንክ ካርድ መያዣ ጥሩ ነው። ካርዱ 8.6 በ5.4 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 10 በ7.5 የሆኑ ሁለት ቁራጮች ይበቁታል፤ በሦስት ጎን ይሰፋል፣ አንዱ ጎን ክፍት ይተዋል። ከመቁረጥ በፊት ግን ቆዳውን በጣት መጎተት ያስፈልጋል። የጀርባው ቆዳ ጥብቅ ነው፤ የሆዱ ይለጠጣል፣ ከሆዱ የተቆረጠ መያዣም ከጥቂት ወር በኋላ ካርዱን አይይዝም። ቆዳው በምን እንደለፋም መታወቅ አለበት። የተቆረጠው ጠርዝ ሰማያዊ ግራጫ ከመሰለ በክሮም የለፋ ነው፤ ቡናማ ከሆነና የውኃ ጠብታ ሲነካው ከጠቆረ በዕፅዋት የለፋ ነው። በክሮም ማልፋት በጀርመናዊው ክናፕ እ.ኤ.አ. በ1858 ተጀምሮ በአሜሪካ በ1884 በሹልትዝ ፓተንት ወጥቶለት ዓለምን ያዘ፤ በዕፅዋት ሳምንታትና ወራት የሚፈጀውን ሥራ በአንድ ሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ለስላሳና ውኃ የማይፈራ ቆዳ ይሰጣል። ጠርዙን በውኃ አርሶ በጨርቅ በማሸት እንዲያብረቀርቅ ለማድረግ፣ ወይም በላዩ ላይ ቅርጽ ለማተም የሚመቸው ግን በዕፅዋት የለፋው ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን የሚያውቁትም እርሱን ነው፦ የእምቧይ ፍሬ፣ የግራር ቅርፊት፣ የቀንጠፋ ቅጠል፣ ለማለስለሻም ቅቤና የጉሎ ዘይት። በዕፅዋት በለፋ ቆዳ ላይ የዛገ ብረት የተዘፈዘፈበት ውኃ ቢቀባ ጥቁር ይሆናል፤ ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ቀለም ነው፣ ታጥቦም አይለቅም።

ጥሬ ሌጦ ራሱ ቤት ውስጥ ለማልፋት የሚፈልግ ሰው፣ የበዓሉን ሌጦ እንደተገፈፈ በሰዓታት ውስጥ በብዙ ጨው መሸፈን አለበት። ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ውኃ ስለሆነ ከቆየ ይበሰብሳል። ክሮም ግን ሐዋሳ ውስጥ ማንም በግቢው እንዲሞክር አልመክርም። ሐይቃችን መውጫ የለውም። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ከላይ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለም፤ ከውኃው ጋር የሚገባው ነገር ተንኖ የሚሄድ ካልሆነ በቀር እዚያው ይቀራል። በአሞራ ገደል የምንበላው ቆሮሶና አምባዛ የሚኖሩት በዚያ ውኃ ውስጥ ነው። የግራር ቅርፊት ጊዜ ይፈጃል፤ ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ ከጊዜ በቀር ምን አለው?

ስለ ስፌቱ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ይህን ሥራ እንድወደው ያደረገኝ እርሱ ነውና። የመኪና ስፌት ሁለት ክሮች አሉት፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነው በየቀዳዳው መሐል ይቆላለፋሉ፤ አንዱ ቦታ ከተበጠሰ ተራ በተራ መላቀቅ ይጀምራል። በእጅ የሚሰፋው የኮርቻ ስፌት ግን አንድ ክር ነው፤ በሁለት ጫፉ ሁለት መርፌዎች ይዞ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከግራም ከቀኝም ያልፋል። አንዱ ወገን ቢበጠስ ሌላው ወገን ይይዛል። ስለዚህ ነው ከብዙ ዓመት በፊት የተሰፋ ኮርቻ እስካሁን ሳይፈታ የሚገኘው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ይጎበኛል፤ ሰፊው ሁለት ጊዜ ያስበዋል። ወስፌውም የሚምር አይደለም። ሸማ ላይ የተሳሳተ መርፌ ቢነቀል ድሩ ይመለሳል፤ ቆዳ ላይ የተወጋ ቀዳዳ ግን አይደፈንም። ስልክ ላይ የጻፍነውን በምናጠፋበት፣ ፎቶውን በምናስተካክልበት፣ መልእክቱን በምንሰርዝበት ዘመን፣ ከመውጋት በፊት የሚያስቆም ሥራ ማግኘት ብርቅ ነው። በዚያች ቆም ባሉባት ቅጽበት ውስጥ አሳብ ሙሉ በሙሉ አንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። ጸሎት የሚያውቁ ሰዎች ይህን ስሜት የሚያውቁት ይመስለኛል።

ስፌት ያሳዩኝ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ አንድ ቀን ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ እንጀራ ካልሆነሽ ለምን ትደክሚበታለሽ?»

«ደስ ስለሚለኝ ነው፣ ጋሼ።»

ክሩን በጥርሳቸው ቆርጠው ዝም አሉ። ቆይተው፣ «እኔን ደስ ይልሃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ። ደስ ይላቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ወዲያው አልመለሱም። ከዓመታት በፊት የሰፉት ጫማ ሶሉ ሲያልቅ ተመልሶ እንደሚመጣላቸው፣ የራሳቸውን ስፌት ሳይፈታ ሲያገኙት ግን ባለቤቱን እንኳ ሳያዩ በስፌቱ እንደሚያውቁት ነገሩኝ። «ያን ጊዜ ደስ ይለኛል» አሉ።

ይህ መልስ ስለ ትርፍ ጊዜ የነበረኝን አሳብ አናግቶታል። ደስታ ለትርፍ ጊዜ ሠራተኛ፣ ድካም ለባለሙያ ተብሎ የተከፈለ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያንኑ ደስታ እርሳቸውም ያውቁታል፤ የሚለየን ሌላ ነገር ነው። እኔ ወስፌውን ነገ ብጥለው የሚጎድልብኝ የለም። ማኅተማ ጋንዲ በደቡብ አፍሪካ ሳሉ ነጠላ ጫማ መሥራት ተምረው ነበር። በህንድ ቆዳ የሚነካ ወገን የማይነካ ተብሎ የተገለለ ስለነበር ይህ ምርጫቸው ቀላል አልነበረም። እስር ቤት ሆነው የሠሩትን አንድ ጥንድ ላሳሰሯቸው ለጄኔራል ስመትስ ሰጡ፤ ስመትስም ለብዙ በጋ ከተጫሙት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1939 ለጋንዲ 70ኛ ልደት መልሰው ላኩላቸው። ታሪኩ ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ጋንዲ ጫማ ሠሪ ሆነው አልተወለዱም፤ በማንኛውም ቀን ሥራውን ቢተዉ የተማሩት የጥብቅና ሙያ ነበራቸው። መተው የሚችል ሰው የሚሠራው ሥራና መተው የማይችል ሰው የሚሠራው ሥራ በእጅ ላይ አንድ ቢሆንም በሕይወት ላይ አንድ አይደለም። የሚመርጥ ሰው ሙያውን ሊያከብረው ይችላል፤ ያልመረጠውን ሰው ግን በዚህ ብቻ ነፃ አያወጣውም። ለሚመርጠው የሚቀርለት ዕዳ አለ።

ዕዳውን እንዴት እንደምከፍል በአሳብ ደረጃ ሳይሆን በገንዘብ ደረጃ ያስጨነቀኝ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ካርድ መያዣዬን አይቶ «ስንት ትሸጪልኛለሽ?» ሲለኝ ነው። ደስ አለኝ፤ ዋጋም ልናገር አፌን ከፈትኩ። ቁርጥራጩን ያገኘሁት በርካሽ ነው። የደከምኩበትን ሰዓት አልቆጠርኩትም፤ ደመወዜ ከሌላ ቦታ ስለሚመጣ መቁጠር አላስፈለገኝም። ስለዚህ የምጠራው ዋጋ፣ ጋሼ መናኸሪያው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የቤት ኪራይ ከሚከፍሉበት ስፌት ዋጋ ያነሰ ይሆናል። አሥር ባልደረቦቼ በዚያ ዋጋ ቢገዙኝ፣ እነዚያ አሥር ሰዎች ጋሼ ዘንድ አይሄዱም። ሥራውን ከእርሳቸው ተምሬ፣ በእርሳቸው እንጀራ ላይ ዋጋ መስበር ማለት ነው። አዋጅ የከለከለው ስድብ ባይሆንም፣ ውጤቱ ለሚደርስበት ሰው ብዙ አይለይም።

የካርዱን ልክ በወረቀት ቆርጬ ለባልደረባዬ ሰጠሁትና ጋሼ የሚቀመጡበትን ቦታ ነገርኩት። ዋጋውን እርሳቸው እንዲጠሩለት፣ እንዳይከራከራቸውም ለመንኩት። እኔ የምሠራውን ለሰው እሰጣለሁ እንጂ አልሸጥም፤ ለመሸጥ የምነሣ ከሆነም ዋጋዬ ከእርሳቸው እንዳያንስ መጀመሪያ እርሳቸውን እጠይቃለሁ።